ወንድ የሌለበት ሰፈር

ድሬዳዋ ለወጣት ሐኪሞች የጥናት አሠራር አስተምር ነበር፤ ብሔራዊ ውትድርና ወጣቱን በቀበሌ በኩል ከየቤቱ በሚለቅምበት ዘመን። አንዱን ተማሪዬን መጋላ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ በወባ የታመሙ ወጣቶችን እንዲያጠና ላክሁት። ላብ አጥምቆት፣ ግን ፊቱ በርቶ ተመለሰ።

«ዶክተር፣ ጉድ አገኘሁ! መጋላ ውስጥ ወባ የሚይዘው ሴቶችን ብቻ ነው!»

«ጤነኛ ወንድስ አገኘህ?» አልኩት፤ ገና ሳልጀምር ደክሞኝ።

የመዘገበበትን ወረቀት አገላበጠ። «እሱንም አላገኘሁም። እናቶቹ ሁሉ ‹ወላሂ፣ ወንድ አልወለድኩም› ነው የሚሉት። ግን እኮ በየግቢው ገመድ ላይ የተሰጣው የወንድ ሱሪ ነው!» ይህን ሲል ንዴት ያዘው። «ዋሽተውኛል ማለት ነው። ግድ የለም፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ነገ አብሬህ ዞሬ አጣራለሁ ብሎኛል።»

ሳታጣራ አትመን እያልኩ ጆሮውን ያደነቆርኩት እኔው ነኝ። ሊቀመንበሩ ምን ሊያጣራ እንደሚመጣም አላጣሁትም። ወረቀቱን ከእጁ ተቀበልኩት።

«ጥናቱ አልቋል በለው።»

«ውጤቱስ፣ ዶክተር?»

«አንተው ነገርከኝ እኮ። መጋላ ውስጥ ወባ የሚይዘው ሴቶችን ብቻ ነው።»