የጋሽ ጠርጥር ሕይወትና የቀይዋ መኪና ነገር

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በሐዘናችን የቆማችሁ ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቶቻችንና የአባታችን የሥራ ጓደኞች፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ዛሬ የምንሸኛቸውን አባታችንን አብዛኞቻችሁ «ጋሽ ጠርጥር» እያላችሁ ትጠሯቸው ስለነበርና እሳቸውም ስሙን ወደውት ስለኖሩ፣ እኔም በዚሁ እጠራቸዋለሁ። የተማረ ሰው ቢጽፈው ያምር እንደነበር አላጣሁትም፤ ነገር ግን እናታችን «ያየሽውን አንቺው ጻፊው» ስላሉኝ እንደምችለው ጽፌዋለሁ። ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸውን የሚሸከሙት ሲጠሩ የባለቤቴ ስም ሳይጠራ መቅረቱን የሰማችሁ ሰምታችኋል፤ ለምን እንደቀረም እርስ በርሳችሁ ስትንሾካሾኩ እኔም ሰምቻለሁ፤ ተራው ሲደርስ እነግራችኋለሁ፣ አሁን ከመጀመሪያው ልነሣ።

ጋሽ ጠርጥር ሰዓት በመጠገን ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው የተወለዱ ሲሆን፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አያቴ ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ ገና በልጅነታቸው የስፌት መኪናዋ ክር እየበጠሰች ባስቸገረች ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ክሩን ሲረግም እሳቸው ብቻ መኪናዋን ጠርጥረው፣ ብሎን በብሎን ፈታተው፣ ክሩን ይቆርጥ የነበረውን የተሰነጠቀ ብረት አወጡ፤ መልሶ መግጠሙን ግን ስላልቻሉበት አያቴ ብዙ ልብስ በእጃቸው ሰፉ። ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ መምህሩ «ምድር ትዞራለች» ባሏቸው ጊዜ «ማን ቆሞ አያት?» ብለው ከክፍል መባረራቸውን እስከ ሽምግልናቸው እንደ ሽልማት ያወሩት ነበር።

ከዚያም ጋራዥ ተቀጥረው የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለመዱ፤ ውለው አድረውም ከቤታችን ጎን የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ መኪናችሁን እየገፋችሁ እንደመጣችሁ ታውቁታላችሁ። «ባትሪው ሞቷል» ያላቸውን ሰው «ማን ነገረህ? ዘመዱ ነው?» ይሉና፣ ከባትሪው በፊት ማሳውን፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ፣ ይመረምሩ ነበር። «ሽቦ ፊት የለውም፤ ሲዋሽ አይታወቅበትም» ይሉ ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የሚለው ተረት ካፋቸው ስለማይጠፋ ስሙም ከዚያው ወጣላቸው።

ስልክ አገናኝ የነበሩትን እናታችንን ባገቡ ጊዜም «ንግግሬን ስትሰሚ ኖረሽ ይሆናል» ብለው ጠየቋቸው አሉ፤ እናታችንም «እሰማ ነበር፤ ግን ካንተ ወሬ የሚሻል ሞልቶ ለምን ያንተን?» አሏቸው። ከዚህ ጋብቻ ወንድም ጋሼንና እኔን ወልደው፣ አንድ ቀን ሳያስርቡን አሳደጉን። ሞተር ሠሪው ባለቤቴ ሊጠይቀኝ ሽማግሌ በላከ ጊዜ ግን «ድምፅ የሌለው ሞተር አላምንም» ብለው ብዙ ጊዜ አመላለሱት፤ ልጁ ዝምተኛ ነው፣ ዛሬም ዝምተኛ ነው፣ አሁን የምነግራችሁን እስካሁን ያላወራውም ስለዚህ ነው።

ቀይዋ መኪና ወደ ቤታችን የመጣችው እኔ ካገባሁ በኋላ ነው። የጥርስ ሐኪም ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ባልቴት፣ ጣራ የሌላትን፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላትን፣ ለእሽቅድምድም የተሠራችውን የድሮ መኪና «ካስነሣሃት ያንተው ናት» ብለው ሰጧቸው። ጋሽ ጠርጥርም «በነፃ የሚሰጥ ነገር ሕመሙን ደብቆ ነው» እያሉ፣ ተንበርክከው ሆዷን ሲያዩ ዋሉ። እናታችን «እኔን ሲያገባ እንኳ እንዲህ ተንበርክኮ አላየኝም» ብለው አሳቁን። ከዚያ ባለቤቴን ጠርተው «ሞተሩ ያንተ፣ ሽቦው የኔ፤ ሽቦዬን እንዳትነካ» አሉት፤ ሥራውም ተጀመረ።

ፒስተኖቿ ከዝገት የተነሣ ተጣብቀው ስለነበር፣ ባለቤቴ እሳት በሚጭሩት ካንዴላዎች ቀዳዳ ዘይት እያፈሰሰ፣ እየጠበቀ፣ በእጁ ነቅነቅ እያደረገ አላቀቃቸው። ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅሉት ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል እንዲተነፍሱም የጎማ ቱቦ ከጆሮው አድርጎ እንደ ሐኪም አንዱን ከአንዱ እያዳመጠ አስተካከላቸው። ጋሽ ጠርጥር ደግሞ በጨርቅ የተሸፈነውን፣ አይጥ የበላውን ሽቦ አንድ በአንድ እያወጡ በአዲስ ተኩ። የዚች መኪና ሽቦ ከሌላው የሚለየው፣ በሌላው መኪና ከብረቱ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ኔጋቲቭ ሲሆን በዚህች ግን ፖዘቲቩ መሆኑ ነው። «ይቺ በግራ እጇ የምትጽፍ ናት» ይሉ ነበር። ሞተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥቶ ግቢው በሙሉ ሲንቀጠቀጥ፣ አባታችን ኮፍያቸውን አውልቀው እንደ እንግዳ ሰላምታ ሰጧት።

ነገር የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ሽቦ ተፈትቶ ይገኛል፤ ሌላ ቀን የካርቡሬተሩ ብሎን ዞሮ ሞተሩ ይንተባተባል፤ ሌላ ቀን ፊውዙ ከቦታው ይጠፋል። ጋሽ ጠርጥር በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ጨመሩ። ቀጥሎ በበሩ ላይ ክር ወጠሩ። በመጨረሻም ሌባው እንዲያዝ በሞተሩ ክዳን መክፈቻ ላይ ግራሶ ቀቡና፣ በማግስቱ ሁላችንንም አሰልፈው «እጅ አሳዩ!» አሉ። የሁላችንም እጅ ንጹሕ ነበር። ግራሶ የተገኘው በራሳቸው እጅ ላይ ብቻ ነበር፤ የጋራዥ ሰው እጅ ላይ ግራሶ ማየት ማንን ያስጠረጥራል? ጥርጣሬው ሁሉ ቁልፉ ባለው ሰው ላይ፣ በባለቤቴ ላይ አረፈ። «ጋራዡን ሊወርስ እኔን እብድ ሊያሰኘኝ ነው» አሉ። ወንድም ጋሼም ከሚሠራበት አገር በስልክ ይህንኑ ሰማ። እውነቱን ለመናገር እኔም ባለቤቴን በቆረጣ ያየሁባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ልጅ ይዤ፣ በአባቴና በባሌ መካከል ተቀምጬ፣ ማንን እንደምፈራ አላውቅም ነበር።

ከዚያ መኪናዋ የተቃጠለችበት ቀን መጣ። ልጄን አዝዬ ምሳቸውን ይዤ ስሄድ በጋራዡ መስኮት አየኋቸው። ጋሽ ጠርጥር የባትሪውን ሁለቱን ሽቦዎች ፈትተው፣ አቀያይረው፣ ልክ ሌላውን መኪና ሁሉ ዕድሜ ልካቸውን እንዳሰሩት ኔጋቲቩን ከብረቱ ጋር አሰሩ፤ አጥብቀው፣ እጃቸውን ጠርገው፣ ክዳኑን ዘግተው ሊታጠቡ ሄዱ። የሚያውቁትን የሚሠሩ መስሎኝ ዝም አልኩ። ታጥበው ተመልሰው ቁልፉን አዞሩ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት እንደቆየ ዲናሞው ማጉረምረም ጀመረ፣ ከመሪው ሥር ጭስ ወጣ፣ ያ ሁሉ አዲስ ሽቦ ዓይኔ እያየ ቀለጠ። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው «ማነው ባትሪዬን የነካው?» ብለው ጮኹ። እንደ ሕፃን ነበር የጮኹት። ዓይናቸውን አየሁት፤ አልዋሹም፣ በእውነት አያውቁም ነበር።

ይህን ለባለቤቴ ብቻ ነገርኩት። እሱም «ተይው፣ እኔን ይጠርጥሩ። ራሳቸውን መጠርጠር ከጀመሩ ምን ይቀራቸዋል?» አለኝ። ከጋራዡም ተባረረ፤ ቁልፉንም መለሰ፤ በሰፈሩ «አማቱን ያቃጠለ» ሲባልም አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ዛሬ ጠዋት ስሙ ሳይጠራ የቀረውም ስለዚሁ ነው።

ሐኪሙ የማስታወስ ሕመም መሆኑን የነገረን ከዚያ በኋላ ነው። ዘመድ ሁሉ «መኪናዋ ስትቃጠል በብስጭት ታመመ» አለ። እናንተም እስከ ዛሬ የምታምኑት ይህንኑ ነው። እኔ የምላችሁ ተገላቢጦሹን ነው፤ መኪናዋ ተቃጥላ አልታመሙም፣ ታመው ነው መኪናዋ የተቃጠለችው።

ሕመሙ ሲጠና ጋሽ ጠርጥር የባለቤቴን መልክ ረሱ። እናታችንም ይህን ባዩ ጊዜ «አዲስ ሠራተኛ ቀጥሬልሃለሁ» ብለው ባለቤቴን ወደ ጋራዡ መልሰው አስገቡት። አባታችን ወንበር ላይ ተቀምጠው «ቀዩን ከቀዩ፣ አረንጓዴውን ከፊውዙ» እያሉ፣ እሱ «እሺ አባባ» እያለ፣ የተቃጠለውን ሽቦ ሁሉ እንደገና ዘረጉት፤ ሰው ቢረሱም ሽቦ አልረሱም ነበር። ሥራውን በመፈተሻ መብራት ሲፈትኑት ሁሉም ትክክል ሲሆንባቸው ለእናታችን «ይሄን ልጅ ከየት አመጣሽው? ዕድሜዬን ሙሉ ያመንኩት ሠራተኛ ይሄ ብቻ ነው» አሏቸው። ወዲያው ደግሞ ወደሱ ጠጋ ብለው «ስማ፣ በሩን ቆልፍ። የልጄ ባል እንዳይገባ፤ እሱን አደራህን እንዳታምነው» አሉት። ባለቤቴም «አላምነውም አባባ» ብሎ ተነሥቶ በሩን ቆለፈ። እኔ ሻይ ይዤ ውጭ ቀረሁ።

መኪናዋም ተነሣች፤ መብራቷም በራ። አባታችን ተደግፈው ገብተው በግቢው ውስጥ በእግር መሄድ በሚቀድማት ዝግታ ሲዞሩ፣ በየመታጠፊያው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ምን እንደደበቀች ያዳምጡ ነበር። ከዚያ በኋላ አልጋ ያዙ፤ እህል እምቢ አላቸው፤ ጥቂት ሰንብተውም የእናታችንን እጅ እንደያዙ በሰላም ዐረፉ።

ይህን ሁሉ የምትናገረው መኪናዋን ልታስቀር ነው የሚል ይኖራል። ይጠርጥር፤ በጋሽ ጠርጥር ለቅሶ ላይ ጠርጣሪ ቢጠፋ ነው የሚያሳፍረው። እናታችን እዚህ ተቀምጠዋል፣ ጠይቋቸው። መኪናዋን ወንድም ጋሼ ይውሰዳት፤ እኔና ባለቤቴ ተነጋግረን ጨርሰናል። እኔ የምፈራው ሌላ ነው፤ ልጄ አድጎ «አባትህ አያትህን አቃጠለ» ሲባል ከዚህ ከተሰበሰበው ሰው አንድ እንኳ «ውሸት ነው» የሚልለት እንዳያጣ ነው።

ጋሽ ጠርጥር ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና ልጅ ሆኖላቸው የኖረ አንድ አማች ትተው አልፈዋል። የማይዋሽ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ በር መቆለፍ፣ ክር መወጠር በማያስፈልግበት ቦታ ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም መጽናናትን ይስጥልን።

አሁን አስከሬኑ ይነሣል። ወንድም ጋሼ፣ ባለቤቴ ልጃችንን አቅፎ ከግቢው በር ውጭ ቆሟል፤ አትጥሩኝ ብሎኛል። አንተ ጥራው። ልጁን እኔ እቀበለዋለሁ።