የአሞሌው ጣውንቶች

አራዳ ገበያ አሞሌ ጨው ልገዛ ሄጄ፣ ጥንካሬውን ልፈትን ብዬ በድንጋይ ብመታው ፍርክስክስ አይልም መሰላችሁ! ሻጯ እትዬ በላይነሽ ነጠላዬን ጨምድደው ያዙኝ። ፈረንጅ አገር ተምሮ የመጣው ጎረቤቴ ሊያስጥለኝ ደረሰ።

«እትዬ፣ ጨው ውስጥ የሚሳሳቡ ሁለት ዓይነት ቅንጣቶች አሉ፤ ባል፣ ሚስት፣ ባል፣ ሚስት እየሆኑ ተደርድረዋል። ሲመታ አንዱ ረድፍ ይንሸራተትና ሚስት ከሚስት፣ ባል ከባል ፊት ለፊት ይገጥማል። ያኔ ተገፋፍተው ይበተናሉ።»

«ጣውንቶች ተገናኙ በለኛ!»

«አዎ! ጥፋቱ የሱ አይደለም።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ጣውንቶቹን ያገናኘህ አንተ ነህ፤ ልቀም!»

አፈር ላይ ተንበርክኬ ስለቅም ያ ሊቅ ጎንበስ ብሎ «አየህ፣ በረድፉ ስለተሰነጠቀ ስባሪው ሁሉ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው» አይለኝም!

«ያስፈረድክብኝ አንተ ነህ» አልኩት፤ «ና ልቀም!»