ከአምስተኛ ወደ ሁለተኛ

ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

እኔን አንድ ተራ የመልእክት ሞተረኛ ለመሸኘት ይህን ያህል ስለ ደከማችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የጽሕፈት ክፍሏን እትዬ እናትዓለምን በተለይ አመሰግናለሁ። ዓሣውን ገና በጧት ከሐይቁ ዳር ተሟግተው እንዳስመጡ ሰምቻለሁ። እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምን። በግቢው በር በኩል ያሉትን መስኮቶች ክፈቱልኝ። ሁለቱንም። አዎ፣ እንዲያ። ሙቀቱን ፈርቼ አይደለም፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ አበራ ቅድም ያነበቡልኝ የምስክር ወረቀት «ሃያ ሁለት ዓመት የድርጅቱን ንብረት ሳይጎዳ ያገለገለ» ይላል። ስታጨበጭቡልኝ መሬት መሬቱን ሳይ ነበር። ትሕትና መስሏችሁ ይሆናል። የምን ትሕትና! አፍሬ ነው።

ከመካከላችሁ ሞተር መንዳት ያስተማርኋችሁ አላችሁ። «ማርሽ መቼ ነው የሚቀየር?» ስትሉኝ ምን እላችሁ ነበር? «የፍጥነት ሰዓቱ ላይ አታፍጥጥ፤ ጆሮህን ስጣት። ስታጉረመርም ገና ናት። ድምጿ ሲጠራ ቀይር። ከጮኸች አርፍደሃል።» ማርሽ መጨመር እንዲህ ነው። መቀነስ ግን ሌላ ትዕግሥት ይፈልጋል። በፊት በፍሬን ታበርዳታለህ፤ ከዚያ አምስት፣ አራት፣ ሦስት እያልህ አንድ በአንድ ትወርዳለህ። ፈጣን ሞተር ከሆነች ደግሞ የባሰ ነው፤ አጉል ቦታ ላይ ማርሽ ከቀነስህባት ይቅርታ አታውቅም።

እሌኒ፣ ትዝ ይልሻል? «ጋሽ አዘዘ፣ ዘልዬ ብወርድስ?» አልሽኝ። «ዘለሽ የወረድሽ ቀን አዘዘ አስተማረኝ እንዳትዪ» አልሁሽ። ሳቂ፣ ሳቂ ግድ የለም። ያን መልስ የሰጠሽ ሰውዬ ግን ራሱ ዘሎ የወረደ ነው።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲከበር በመሥሪያ ቤቶች መካከል የተደረገውን የሞተር እሽቅድምድም የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ፣ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ የሚመለስ ነበር። ለእኛ የደረሰችን ያቺ ቀይዋ፣ ባለ አምስት ማርሿ ናት። ሳትነካት የምትበር! ያዘጋጃት የጋራዡ ኃላፊ ክንዱ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብሎኗን አንድ በአንድ ፈትቶ አሰረ። የበዓሉ ዕለት ጧት ሲያስረክበኝ በጨርቅ እጁን እየጠረገ፣ «አዘዘ፣ እሷ ፈጣን ናት፤ አንተ አትፍጠን» አለኝ።

«ለማን ነው የምትነግር?» አልሁት።

ከድልድዩ በፊት ያለው መታጠፊያ ላይ ስደርስ አንደኛ ነበርሁ። ፍሬን ይዤ አንድ በአንድ መውረድ ነበረብኝ። ነገር ግን እናንተ እዚያው ቆማችሁ ቅጠል እያወዛወዛችሁ «አዘዘ! አዘዘ!» ስትሉ ሰማሁ። እኔም ሞተሯ እንድትጮህላችሁ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፍሪሲዮኑን ይዤ ሦስት ጊዜ ረገጥሁና ከአምስተኛ ሁለተኛ አስገብቼ በአንዴ ለቀቅሁት።

የኋላ ጎማው ተንሸራተተ። ሞተሯ እሪ አለች። ከሆዷ ውስጥ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ፤ ከዚያ ዝም። እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ማለቱ አይቀርም ይባል የለ? እንደዚያ ሆንሁ።

የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ እየሮጡ መጥተው «ምን ሆነች?» አሉኝ። «አጠፋሁ» ማለት አንድ ቃል ነው። እኔ ግን፣ «የሠራት ክንዱ ነው፤ ምን ሳያጠብቅ እንደ ቀረ እሱን ይጠይቁት» አልኋቸው።

በሳምንቱ ሂስና ግለ ሂስ ተጠራ። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አንዱ ተነሥቶ «አሻጥር» የምትለዋን ቃል አነሣ። ያቺ ቃል ምን እንደምታመጣ ለናንተ አልነግርም። ክንዱን ጠየቁት። «ሞተሯን ያዘጋጀሁ እኔ ነኝ፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ተራው ለእኔ ደረሰ። «ጓድ አዘዘ፣ ግለ ሂስ አለህ?» ተባልሁ። ተነሣሁ። ምን አልሁ መሰላችሁ? «አንዳንድ ጧት ከሰዓቱ አረፍዳለሁ» አልሁ። ሳቃችሁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ክንዱን ከጋራዡ አንሥተው ከሐይቁ ማዶ ቆላ ድባ ወዳለው መጋዘን አዛወሩት። እናቱ እማማ ወለተ ሚካኤል ሰባታሚት ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። በዓመቱ ታመሙ። መርዶው ደርሶት ሐይቁን ዞሮ እስኪመጣ አፈር ለብሰዋል። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ልጃቸውን ከአጠገባቸው ያራቅሁት እኔ፣ ትከሻዬን ሰጥቼ ቀበርኋቸው! ክንዱ ሲደርስ «እግዜር ያጥናህ» አልሁት። «ደክሞሃል፣ ውሃ ጠጣ» ብሎ ጣሳ ሰጠኝ። ጠጣሁ። እንዴት ወረደልኝ እላለሁ እስካሁን።

ከቆላ ድባ ሲመለስ ጋራዡን አልመለሱለትም። በረኛ አደረጉት። ይኸው በየጧቱ በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ነው። ጆሮው ግን ያው ነው። «ዛሬ ሁለተኛዋን አስጨነቅሃት» ይለኛል። «ሦስተኛ ላይ ቆየህባት።» ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ፣ የሞተሬን ቁልፍ ላስረክብ ስገባ አስቆመኝና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ፈታሁት። ይህች ናት፤ እዩዋት። የቀይዋ ሞተር ቫልቭ ናት። አንገቷ ታጥፏል።

«ሞተሯን የፈታሁ ዕለት ነው ያወቅሁት» አለኝ። «የጠበቀው ሁሉ እንደ ጠበቀ ነበር። ይህች እንዲህ የምትታጠፍ ማርሽ ሲዘሉባት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም? ማስረጃው በእጅህ!»

«ስብሰባው ላይ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አብሬህ በልቼ ጠጥቼ አለቃ ፊት አልከስስህም። አሁን ይነሣል አልሁ፤ ተነሣህ፤ አረፍዳለሁ አልህ። ነገ ይናገራል አልሁ። ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ነገ ነገ አልሁ። ጡረታ ልትወጣ ነው ሲሉኝ፣ ከእንግዲህ ምን እጠብቃለሁ? የአንተ ናት፣ ይዘሃት ሂድ።»

ባልደረቦቼ፣ ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ምን ነበረ? ጠበቀኝ እኮ! እኔ በየጧቱ የሞተሬን ጭስ ቡፍ እያደረግሁበት ሳልፈው እሱ ሰው እስክሆን ይጠብቀኝ ነበር።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ማሩኝ የሚል። የእኔ ድንጋይ ይህች ናት፤ ብትቀልም ከብዳኛለች። የሆነውን ሁሉ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ጓድ አበራ፣ ይኸው ይቀበሉኝ። የምስክር ወረቀቱንም አብረው ይውሰዱት፤ የተጻፈበት እውነት አይደለም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ክንዱ ሦስት ዓመት አገልግሎት ይቀረዋል። ይህ ጽሑፍ ማኅደሩ ውስጥ ይግባና ወደ ጋራዡ ይመለስ። እኔን የሚያገኘኝ ቅጣት ካለ ቤቴ ፋሲሎ ሰፈር ነው፤ የትም አልሄድም።

እናንተን ደግሞ የዓመት ሰው ይበላችሁ። ለመንገድ የምትወጡትን እንደ ወጣችሁ በሰላም ይመልሳችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ከሁሉ በላይ፣ ጥፋታችሁን ውሎ ሳያድር የምትናገሩበት አፍ ይስጣችሁ። እኔ አርፍጃለሁ።

መስኮቱን ያስከፈትሁ ለዚህ ነው። ክንዱ! እንደምትሰማኝ አውቃለሁ። እናትህን መመለስ አልችልም። እዚያ ስብሰባ ላይ መናገር የነበረብኝን ግን በዚሁ አዳራሽ፣ በነዚሁ ሰዎች ፊት ተናግሬአለሁ። በደልሁህ፤ ማረኝ። ባትምረኝም እውነትህን ነው። ብቻ ዛሬ ና ግባና ከሰው እኩል ተቀምጠህ ብላ። «በሩን ማን ይጠብቃል?» ትለኝ ይሆናል።

እኔ እጠብቃለሁ። መጣሁ፤ ቁልፉን ስጠኝ።