ለሶፋው የተስማማች ክኒን

ሲስተር፣ የዛሬዋ ፀሐይ ደግ ናት አይደል? መጋረጃውን ስትከፍቺው እትዬ ፊቷን አዞረችላት። ጫማሽም ድምፅ የለው... ለበሽተኛ የሚያዝን ሰው በእርምጃው ይታወቃል።

እኔማ ምን አውቃለሁ፤ ታናሽ እህቷ ነኝ፣ ትናንት አምጥተው እዚህ ሲያስተኟት ከሩቅ የደረስኩ እንግዳ። ልቧ ሲደክም ዶክተሩ ውሃ የሚያስወጡ ሁለት ክኒኖች አዝዞላት ነበር አሉ፤ ፉሮሴማይድና... ያቺ ስመ ረጅሟ፣ ስፓይሮኖላክቶን። ሁለቱንም ጠዋት ጠዋት። ግን ዶክተር የቱንም ያህል ቢማር አስተዋይ ምራትን ያህላል? ስም አልጠራም... ብቻ አንዲት አስተዋይ ሰው ሁለቱን አወዳደረቻቸው። አንደኛዋ፣ ፉሮሴማይዷ፣ በሰዓት ሦስቴ ሽንት ቤት ታስሮጣለች። ሌላዋ ጨዋ ናት፣ ከተቀመጡበት አታስነሳም። ቤቷ እትዬ የምትቀመጥበት ሶፋ ደግሞ አዲስ ነው፣ ነጭ። ታዲያ የትኛዋ ትሻላለች? ጨዋዋ ቀጠለች፣ ሯጯ መሳቢያ ገባች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይቺ ግን መች ቸኮለች? ዐሥር ቀን ሙሉ፣ ረጋ ብላ።

ሰነፍ እንዳትመስልሽ ደግሞ! በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ታወጣታለች፣ እንዳዘዛችኋት ትጽፋለች። ስድሳ አንድ፣ ስድሳ ሦስት፣ ስድሳ ስድስት... ደውላ «እማዬን ቤቴ ተስማማት፣ ወፈረች!» ስትለኝ እኔም ሞኟ እልል አልኩ። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ሲላት ሰፊ ጫማ ገዛችላት። እንዲህ ያለ ርኅራኄ የት ይገኛል? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር... እያወፈረ እንደሚወስድ የተማርኩት ከሷ ነው።

ይኸው እትዬ ሦስት ትራስ ተደግፋ፣ አንድ ቃል ተናግራ ትንፋሽ ትለምናለች። ዶክተሩም «እናያለን» አለኝ። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ኧረ በሩን አትዝጊው! ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠችውም ትስማ፤ ምስጋና በሌሉበት ሲሆን ሐሜት ይመስላል።

እኔ መቼም ውለታዋን መመለስ አልችልም። አሜን እያልሽ ስሚኝ... ፈጣሪ ዕድሜዋን ያርዝምላት። ወንድ ልጇን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። አርጅታ በተኛች ቀንም ልክ እንደ ራሷ ያለች አስተዋይ ምራት ራስጌዋ ያስቀምጥላት።