ለዜና አንባቢው የተለቀሰው ለቅሶ

ጅቡቲ፣ አርሂባ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ከገበያ ስመለስ ከቤታችን ለቅሶ ሰማሁና ዘንቢሌን ጥዬ ሮጥኩ። የማዳሜ እናት ቴሌቪዥኑ ፊት መሬት ተቀምጠው ደረታቸውን ይደቃሉ።

«ማን ሞተ እማማ?»

«ልጁ! ዜና የሚያነበው!»

ማታ ማታ በአፋርኛ ሰላም ሲላቸው «አላህ ይጠብቅህ ልጄ» እያሉ የሚመልሱለት ሰው ነው። ቴሌቪዥኑን አየሁት፤ ባዶ ነው። ክው አልኩ። ቴሌቪዥን ጣቢያው ጋ ደወልኩ።

«ወደ ዲጂታል ተዛውረናል፤ ዲጂታሉን የሚቀበል ዲኮደር ግዙ» አለኝ አንዱ።

«ምነው ሳትነግሩን?»

«በቴሌቪዥን በፈረንሳይኛ ስንናገር አልነበር እንዴ!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ማዳም ዲኮደር ገዝታ አስገጠመች። ማታ ልጁ ብቅ ብሎ ሰላም ሲል እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ሳይሰናበተኝ ሄደ፤ እኔም አልቅሼ ቀበርኩት» አሉ።