የእትዬ ሩቂያ ጀሪካን

— ሄሎ! … ሄሎ፣ ማነው? … ሳልህ? ናጅዋ ደህና ናት? … አልሐምዱሊላህ። ታዲያ በዚህ ቀትር ምን ያስደውልሃል? … ምን? … ቆይ፣ ቆይ፣ መኪና እያለፈ ነው።

መኪናው እስኪያልፍ እትዬ ሩቂያ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። ጀውሃ ላይ፣ ከአስፋልቱ ጫፍ፣ ምግብ ቤት ከፍተው ሃያ ሦስት ዓመት የተቀመጡ ሴት ናቸው። መሪ ጨብጠው አያውቁም። ግን ወደ ደሴ የሚያልፈውን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን ሁሉ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳያነሱ በሞተሩ ድምፅ ይለዩታል። ሞተር ያስቸገረው ሾፌር ጋራዥ ከመግባቱ በፊት እሳቸው በር ላይ አቁሞ እስቲ ይስሙልኝ ይላል። አሁን የደወለላቸው ሳልህ ደግሞ የልጃቸው የናጅዋ ባል ነው።

— አለፈ። በል ቀጥል። … መኪና? ልትገዛ? … አሁን የት ነህ? … ሮቢት። አብዱልወሃብ ግቢ። ደላላው አብዱልወሃብ? … ላ ኢላሃ ኢለላህ! አገር ምድሩ ላይ ሌላ ሌባ አጥተህ ነው? … ሞዴል ነጋዴ ነው? አዎ፣ የተሸለመውን ካኔቴራ ለብሶ አይቼዋለሁ። ከጀርባው «ኪራይ ሰብሳቢነትን እንታገል» ይላል። አንተ ፊቱን ነው ያላነበብከው።

— እሺ፣ የናፍጣ ፒካፕ። ለምንህ? … ናጅዋን ጧት ደብረ ሲና ትምህርት ቤቷ ለማድረስ፣ ማታ ለማምጣት። … በየቀኑ። ታዲያ በየቀኑ የሚሄድ ምረጥ እንጂ በየቀኑ የሚለመን አትምረጥ። … በምን ልትገዛው? … ግመሎቹን? ሁለቱንም? የአባትህን ግመሎች? … አልተናደድኩም። ማን ተናደደ? አስካለ፣ ተናድጃለሁ? … አልተናደዱም ትላለች ሠራተኛዬ፤ ቢላዋውን ግን ከእጄ ወስዳለች።

— ማን ነዳው አለህ? … ዶክተር! ስማ ልጄ፣ እዚህ አገር ካለው ዶክተር ዶክተር የነዳው መኪና ይበዛል። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ዶክተር ሁለት ነው፤ አንዱ የከብት ነበር። … ጎማው አዲስ፣ ቀለሙ አዲስ። … የወንበሩ ፕላስቲክ ገና አልተነሳም። … ሳልህ፣ ግመል ስትገዛ ኩል ተኳለች ብለህ ነው? ግመል ተንበርክካ አትገዛም። ትጭናታለህ፣ ተነሽ ትላታለህ፣ ስትነሳ እንዴት እንደምታቃስት ትሰማለህ። ናፍጣም እንዲሁ ነው። ቀዝቅዞ አድሮ ጧት ሲነሳ ነው ዕድሜውን የሚናገረው።

— አንዴ ነው የተነሳው? … በሮቢት ቀትር! በግንቦት! በዚህ ሐሩር እንኳን ናፍጣ ሬሳም ይነሳል። … ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን ዳሰስከው? … ሞቋል። … ፀሐዩ ነው አለህ? እውነቱን ነው፣ ሮቢት ላይ ድንጋዩም ይሞቃል። ለዚህ እኮ ነው ደጋ ላይ አልነሳ ያለ ሁሉ እየተጎተተ ወደ ቆላ የሚወርደው! ከላይ ሬሳ ሆኖ ይነሳል፣ ሮቢት ሲደርስ ሙሽራ ይሆናል። የሚያገባውም ያው እንዳንተ ያለ የተማረ ነው።

— ደብረ ሲና ብርድ ላይ ይደርና በማለዳ ላስነሳው በላቸው። … ጠይቃቸው እንጂ! … ምን አሉ? … ሌላ ገዢ እየመጣ ነው። ከደሴ። … እኔ ይህን ምግብ ቤት ስከፍትም ያ የደሴ ሰውዬ እየመጣ ነበር። እስካሁን አልደረሰም፤ እሱም ከአብዱልወሃብ መኪና ገዝቶ ይሆናል።

— በል ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋልኝ። … ላውድ ላይ ነው? … ከመጀመሪያው? … ሁሉም ይሰሙኛል?

ሳልህ የያዘው ያን ሰሞን ገበያውን ያጥለቀለቀ የቻይና ስልክ ነበር፤ ባለ ሁለት ሲም፣ ባለ አንቴና፣ ድምፁ ሠርግ ቤት የሚያደምቅ። አብዱልወሃብ ሌባ መባሉን ከነሠራተኛው ከነጎረቤቱ ሰምቶታል ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። እትዬ ሩቂያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

— አብዱልወሃብ! እንደምን ዋልክ? … እኛ ደህና። ሌባ ያልኩህን ሰምተሃል? … ጥሩ፣ ሁለተኛ እንዳልደክም ብዬ ነው። … አስነሳው አሁን። እናንተም እዚህ ያላችሁ ዝም በሉ! ተሰማ፣ አንተንም ነው። የእስላም ሥጋ አልበላም ትላለህ፣ የእስላም ወሬ ግን ጥሬውን ትውጣለህ። ሻይህን ጠጣ!

የጭነት መኪና ሾፌሩ ተሰማ ብርጭቆው ላይ አቀረቀረ። እትዬ ሩቂያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በስልኩ ውስጥ ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ጉሮሮው ውስጥ አንዳች ነገር እየተንኳኳ ያዘ። ዓይናቸውን ሲገልጡ የንቀት ፈገግታ ፊታቸውን ሞልቶት ነበር።

— አውቀዋለሁ። … ይህን ሳል አውቀዋለሁ እልሃለሁ! አስካለ፣ ነይ ስሚ። ያ ሕዳር ላይ በገመድ ተጎትቶ በራችን ላይ የቆመው አይደለም? … እሷም ለየችው። ሳልህ፣ ራዲያተሩ እንደ ሽሮ ይንተከተክ ነበር። ሦስት ጀሪካን ውኃ ጠጥቶ ነው ከዚህ የሄደው። ሦስት! ግመሎቹን ሸጠህ ሌላ ግመል ልትገዛ ነው፤ ያውም ግመልስ አንዴ ከጠጣች ሳምንት ትጓዛለች። ወደ ደብረ ሲና ስትወጡ አርማንያ ዳገት ላይ ለዚህ ውኃ የምትቀዳለት ልጄ ናት?

— ሌላ መኪና ነው ይላል? … ያኔ ነጭ ነበር፣ አሁን ቀለም ጠጥቷል። የማይጠጣው ነገር የለም። ሳልህ፣ ከኋላ መጫኛው ላይ ውጣ። … ሸራ አለ? ግለጠው። … ሰማያዊ ጀሪካን አየህ? … እጀታው በቀይ ጨርቅ የታሰረ? … ጀሪካኔ ነው! ሾፌሩ ሮቢት ደርሼ ነገ እመልሳለሁ ብሎ የወሰደው ጀሪካኔ ነው! ስድስት ወር! … አብዱልወሃብ ምን ይላል? … ሠራተኛውን ወደ መስጊድ ላከ? አሁን ደግሞ መስጊድ ትዝ አለው!

— አሁን ስማኝ። ላውዱን አጥፋው። … እንዴት አይጠፋም? … ይሁን፣ ይስሙ። ሁለት እጅህን ኪስህ ክተት። … ስልኩን ማን ይይዛል? እሺ አንዱን ብቻ ክተት። እነዚህን አውቃቸዋለሁ፤ ነገር ሲበላሽባቸው ዱዓ ያስደርጋሉ። እጁን ዘርግቶ አሚን ያለ ደግሞ ገዛ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብትተወው የተጣላኸው ከደላላ ሳይሆን ከአላህ ይመስላል፤ ሰው ፊት መቆም ታጣለህ። … ሽማግሌ አለ? ማን? … ሼህ አብዱልመጂድን አመጣቸው? አይ ይሄ ሌባ! እሳቸው ደግ ናቸው፤ ግን ዱዓ አድርጉ ካሏቸው ለብረትም ያደርጋሉ። ጮክ ብለህ በል፦ «አማቴ አሚን ካላለች እኔም አልልም።» … አልክ? … ሁሉም ሰሙ? ጥሩ። እኔ ደግሞ ለዚህ ቆርቆሮ አሚን የምለው ምላሴ ሲቆረጥ ነው።

— ሄሎ? … ሳልህ? … እ! ሼህ! ወአለይኩም ሰላም። … አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎስ እንደምን ከረሙ? … አዎ፣ ዘንድሮ አራት ዓመቱ። … እንዴ፣ እንዴት ይረሳል ሼህ! ሱሌይማን ስምዎን ሳያነሳ አይውልም ነበር። … አላህ ይስጥልኝ። … አሁን? … ዱዓ ለሱሌይማን? እሺ፣ ደስ ይለኛል እንጂ።

ሱሌይማን የእትዬ ሩቂያ ባል ነበር። ሲቀበር ዱዓውን ያደረጉለት እኒሁ ሼህ ናቸው። ያ ዝግ ያለ ድምፅ ከቻይና ስልኩ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ እትዬ ሩቂያ የድስቱንም የደላላውንም ነገር ረሱት። ሻሻቸውን አስተካከሉ። ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መሐል ወሸቁና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

— አሚን። … አሚን፣ ቀብሩን ኑር ያድርግለት። … አሚን። … አሚን፣ ለልጆቹም። … አሚን፣ ዝናቡንም በጊዜው። … አሚን፣ አገሩንም ሰላም። … አሚን። … አሚን። … አሚን፣ ያረቢ።

— … ምን? … ማነው እዚያ «ሙባረክ» የሚለው? … ሼህ፣ መጨረሻ ላይ ምን አሉ? … «ይህን ሽያጭ ለገዛውም ለሸጠውም በረካ አድርገው»? … እኔ ለሱሌይማን ነው ያልኩት! ለዝናቡ ነው ያልኩት! … ሼህ? … ሳልህ! አንተ አላልክም አይደል? … እኔን ተከትለህ። … እጅህስ? ኪስህ አልነበረም? … ስልኩን ለሼሁ ስትሰጥ ወጣ። ሁለቱም ወጣ። ተዘረጋ። … እንዴ፣ እኔማ ምን ልበል፣ የኔም ተዘርግቷል።

ተሰማን ሻዩ ትን አለው። አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቋን ታፍናለች። እትዬ ሩቂያ ያልታጠፉትን እጆቻቸውን አዩ። አሚን እንደ ጀሪካን አይደለም፤ መልሱልኝ አይባልም። ደግሞስ ጀሪካኑንም ማን መለሰው?

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … አትንተባተብ። … አይ፣ አላፈርስም። የትኛውን አሚን መርጬ ላፍርስ? የሱሌይማንን? … አብዱልወሃብ ይስቃል? ይሳቅ። አንድ ቀን እሱም ይቀበራል፤ ያኔ አሚን በይ ስባል አፌን እይዛለሁ። … ናጅዋን ሰኞ በሚኒባስ ሂጂ በላት። ማክሰኞም። … ምኑን? ጀሪካኑን? … ልታመጣልኝ?

— ተወው ልጄ፣ እዚያው መኪናው ላይ ይሁን። ሞልተኸው ና።

ስልኩን ዘጉት።