የሐጂ ዩያ አልሐምዱሊላህ

ሐጂ ዩያ ከድሬ ጠያራ አትክልት የሚያመጡልኝ ደንበኛዬ፣ የለም፣ ወዳጄ ናቸው። የአንገታቸው እብጠት የሊምፍ ዕጢ ካንሰር መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሐኪም ዘንድ አብሬያቸው ገባሁ። ለሐረር እንግዳ የሆነችው ወጣት ሐኪም የመዳን ተስፋቸውን ለመመዘን ትጠይቃቸው ጀመር።

«ትኩሳት አለዎት?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሌሊት ያልብዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ከስተዋል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ።»

«የለም» ያሏት መስሏት ፊቷ ፈካ። የእኔ ዐይን ግን ቀበቷቸው ላይ አረፈ፤ ወገባቸውን ሁለቴ ዞሯል። «ሐጂ፣ ለሐኪም መንገር እኮ በአላህ ላይ ማማረር አይደለም» አልኳቸው።

አቀረቀሩ። «ሌሊት አንሶላዬ ይጨመቃል፣ መምህር። ትኩሳቱም ከመኸር ወዲህ አለቀቀኝም።»

ሲወጡ ሐኪሟ እኔን አስቀረችኝ። «ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በሽታውም ተሰራጭቷል። አሁን የነገሩን ደግሞ ተስፋውን ያጠበዋል። ሕክምናውን እንጀምራለን፤ ብዙ ግን አይጠብቁ» አለችኝ።

ሸዋ በር ላይ ሚኒባስ ስንጠብቅ፣ «ምን አለችዎ?» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኳቸው።

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። «እርስዎም እንደ እኔ መለሱ? በቃ፣ ገብቶኛል» አሉና ቀበቷቸውን አጠበቁ።